የሞቱት ስልኮች ሽኝት

አጥናፉን የሰደበው ዘሩባቤል ነው። ቦታው እሪ በከንቱ፣ የእድሩ አዳራሽ፤ ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ መልስ። አጥናፉ እጁን አውጥቶ፣ «የተበላሸ ስልክ ያላችሁ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ ለእኔ ስጡኝ» ከማለቱ የእድሩ ጸሐፊ ዘሩባቤል ቀና እንኳ ሳይል፣ «የሞተ ስልክ እድርተኛ ይሁንልኝ ነው የምትለው? መጀመሪያ መዋጮውን ይክፈል እንጂ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፒያሳ እስከ ሥላሴ ያለው አራዳ ሁሉ አጥናፉን «ቀባሪው» ይለው ጀመር። ሌላው ሰው ረስቶት ይሆናል። አጥናፉ ግን ዘሩባቤል ያን ዕለት ያሰራትን ክራቫት ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። ቡናማ ነበረች፣ ጫፏ ላይ የወጥ ጠብታ ያለባት።

አጥናፉ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ከአንድ ጫማ ቤት ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ ይጠግናል። የማይድን ስልክ ሲገጥመው ደህና ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ለሌላው ይተክለዋል፤ የቀረውን ግን አይጥልም። በወጣትነቱ ወርቅ ሊያጥብ አዶላ ወርዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ጎብጦ አሸዋ ሲያጥብ ውሎ፣ ጥፍር የማትሞላ ብናኝ ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ኋላ ስልክ መፍታት ሲለምድ ያቺኑ ብናኝ በየቦርዱ ላይ ተቀብታ አገኛት። ወርቅ ብቻ መቼ ሆነና፤ መዳብ አለ፣ ብር አለ፣ ባትሪው ውስጥ ደግሞ ስሙን ከልጁ ከፀደንያ የሰማው ኮባልት የሚባል ማዕድን አለ። አንድ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው አገር፣ ጉድጓድ ገብቶ ያወጣውን ነገር ከድንች ልጣጭ ጋር መድፋት ለእሱ የዚያን ሰውዬ ወገብ እንደገና መስበር ነው። ይህን ግን ለማን ይናገር? የተማሩት እንደሆነ ክራቫት ማሰር ነው የሚያውቁት።

ስለዚህ ዝም ብሎ በማዳበሪያ እየሞላ ሰበሰበ። ማዳበሪያዎቹ መጀመሪያ አልጋ ሥር ገቡ፤ ቀጥሎ ቆጡ ላይ ወጡ፤ በመጨረሻም ሳሎን መጥተው እንደ ዘመድ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ሚስቱ አዳነች ለዓመታት ቻለችው። ዘንድሮ ግን ፀደንያ ልትዳር ነው።

«ስማኝ፣ አጥናፉ» አለችው፣ ወገቧን ይዛ። «ሙሽራው ልጄን ሊወስድ ሲመጣ ሚዜዎቹን የት ላስቀምጣቸው ነው? ማዳበሪያህ ላይ?»

«ይመቻል እኮ፤ ቀስ ብለው ከተቀመጡ።»

«አልቀልድም። ከሰርጉ በፊት ካልወጣልኝ ለቆሻሻ መኪናው ነው የማስረክበው። በማርያም ብያለሁ።»

አዳነች በማርያም ካለች አለች ነው። አጥናፉ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የዓመታት ልፋቱ ቆሻሻ መኪና ላይ ሲወጣ፣ ዘሩባቤልም በመስኮቱ ሆኖ ሲያይ ታየው። በማግስቱ አንዱን ማዳበሪያ ተሸክሞ ወደ ፒያሳው ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ወደ ጋሽ ዓምደሚካኤል ሄደ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አሮጌ ጉትቻ ያቀልጡ የለም? ይችንም እዚያው ምድጃዎ ላይ ጣል ቢያደርጉልኝስ?»

ጋሽ ዓምደሚካኤል ማዳበሪያውን ከፍተው አሽተው ዘጉት። «ልትገድለኝ ነው የመጣኸው? የዚህ ጭስ እኔን ደፍቶ፣ አንተን ደፍቶ፣ ጎረቤት ካፌ ማኪያቶ የሚጠጣውን ሁሉ ይደፋል። ይሄ የራሱ እሳት አለው፤ የእኔ አይችለውም።»

አጥናፉ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን ክንዱን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ጥግ ያለውን በርሜልና ከጎኑ ያለውን ጣሳ አሳዩት። «ይሄ የወለሉ ጥራጊ ነው፤ ጥዬው አላውቅም። ይሄ ደግሞ እጄን የታጠብኩበት ውሃ ነው፤ ሲዘቅጥ ዝቃጩን አስቀምጣለሁ። ዓመት ሲደርስ ከዚህ ከዚህ ተለቃቅሞ አንድ ቀለበት አያሳጣም። አባቴም እንዲሁ ነበር። እኛን ባለሙያ እንጂ ቀባሪ ያለን የለም። አንተም የሰፈሩን ወለል ነው የጠረግከው፤ እሳቱን ለሚያውቅበት ስጠው እንጂ።» ይህን ብለው ከከተማው ዳር አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚፈታ ድርጅት ስልክ ቁጥር ሰጡት፤ የእሳቸውን የተበላሸ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የወሰደላቸው ይኸው ድርጅት ነው።

አጥናፉ ያን ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ መሬት አልነካም። ደወለ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ የሚፈታውን እዚህ እንደሚፈቱት፣ ቦርዱንና ባትሪውን ደግሞ ማዕድኑን በወጉ ወደሚያወጡ የውጭ ፋብሪካዎች እንደሚልኩት አስረዳችው። ያለውን ሲነግራት ግን፣ «አባቴ፣ ለዚህ ብቻ መኪና አንልክም። ጭነቱ ሲሞላ ይደውሉልን» አለችው።

ማታ ራቱን አልበላም። አዳነች አየችው፤ የማለችውም አሳዘናት መሰል ሳቅ አለች። «ሰው ሁሉ እኮ በየመሳቢያው የሞተ ስልክ ደብቋል። ፎቶ አለበት፣ ቁጥር አለበት እያለ። አንተ በየበሩ ብትዞር አይሰጥህም። እኔ ግን ለሽንኩርት እጠራቸዋለሁ።»

«ስልክና ሽንኩርት ምን አገናኛቸው?»

«የሰርግ ሽንኩርት ልትልጥ የምትመጣ ሁሉ ቢላዋዋን ይዛ አይደል የምትመጣው? ቢላዋና የሞተ ስልክ ብያለሁ። ስልክ ያልያዘች ዶሮ ወጤን አትቀምስም።»

የሽንኩርቱ ቀን ግቢው ሞላ። አጥናፉ ከበሩ አጠገብ ሰፊ ቅርጫት፣ ከጎኑም ያበጠ ባትሪ እሳት እንዳያስነሳ የሚቀበርበት አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጠ። ሴቶቹ በየተራ ስልካቸውን ጣል እያደረጉ ሽንኩርቱን ከበቡት፤ ወዲያው የሁሉም ዓይን እንባ ያፈስ ጀመር። ጎረቤቷ ጁወይሪያ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች አንገቷን ወደ ቅርጫቱ አዘነበለችና በሙሾ ዜማ ጀመረች፦

«ከደረጃ ወድቀህ፣ ከታክሲ ላይ ተርፈህ፣
ምነው ጉድ ሠራኸኝ፣ ሽሮ ውስጥ ሰጥመህ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ማን ይቻላቸው። አንዷ በባሏ ቡጢ ለተሰበረው አለቀሰች፤ ሌላዋ የልጅዋን የመጀመሪያ ፎቶ ያነሳላትን እየሳመች ጣለችው። ሙሽሪት ፀደንያም የአሥረኛ ክፍል ስልኳን አመጣች፤ «ሙሽራዬ መጀመሪያ የላከልኝ መልእክት እዚህ ውስጥ ነው» ስትል፣ «እሱንማ ቶሎ አቅልጡት» አሏት። አጥናፉ ያን ሁሉ እያየ አፉ ጆሮው ደረሰ። ቅርጫቱ ሞልቶ ማዳበሪያ ተጨመረ።

በመሃል አዳነች የእድሩ ድስቶች ትዝ አሏት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ጸሐፊው ጋ ነው። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ለእድር ጉዳይ ብሎ በሰጠው ቁጥር ለዘሩባቤል ደወለች።

ቅርጫቱ ጮኸ።

ሁሉም ቢላዋውን አቁሞ ወደ ቅርጫቱ አፈጠጠ። አጥናፉ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ አንዲት ባለቁልፍ ስልክ እየጮኸች አወጣት። ከዘሩባቤል ሚስት ከእትዬ ተሾመች እጅ ሽንኩርቱ ወደቀ። «ምን ላድርግ» አለች፤ «ሸሚዝ መሳቢያው ውስጥ፣ ከሥር ነው ያገኘኋት። ሲያነሳት አይቼው ስለማላውቅ ሞታለች ብዬ ነው።»

ያ ሁሉ ድንኳን ፈላጊ፣ ያ ሁሉ ድስት ፈላጊ «ጸሐፊው ስልክ አያነሳም» ሲል የኖረው ለካ ስልኪቱ በሸሚዝ ሥር ተቀብራ ነው። ሳቁ አጥር ዘሎ መንገድ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ አደባባይ ደርሶ ነበር።

አጥናፉ «ጭነቱ ሞላ» ብሎ ደውሎ ኖሮ በማግስቱ ጠዋት የድርጅቱ መኪና መጣ። ሹፌሩ ማዳበሪያዎቹን አይቶ አፏጨና የኋላውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ጎረቤቱ ተረባርቦ ጫነ። የመጨረሻው ሲገባ በሩ በጉልበት ተገፍቶ ነው የተዘጋው፤ አዳነችም በጠዋቱ እልል አለች። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ አጥናፉ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ አየው። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ዛሬ አንድ አካፋ አፈር ቀለለለት።

ዞር ሲል ዘሩባቤል ቆሟል። አጥናፉ ስልኪቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ዘሩባቤል ቀማው ማለት ይቀላል፤ ሰፈሩ ሲስቅበት ነው ያደረው።

«ጉራህን አየን እንግዲህ፣ አጥናፉ» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰው እንዲሰማለት። «ቁርጥራጭ አስጭነህ ማዕድን ሚኒስትር የሆንክ መስሎሃል? ኧረ ለመሆኑ ያ ሁሉ ኮተት ሲሄድ ለአንተ ምን ተረፈህ? ንገረኛ፤ ምን ቀረህ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። አጥናፉ ሰባት ዓመት ያጠራቀመው መልስ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ መልስ፣ ዘሩባቤልን እስከ ልጅ ልጁ የሚያሳፍር። በዚያው ቅጽበት ከቤት ውስጥ አዳነች፣ «አንተ፣ የሚዜዎቹ አግዳሚ ወንበር እኮ ገባ፤ ኧረ ሁለትም ይይዛል፤ ና እይልኝ» ስትል ሰማት። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ድምፅዋ ያስተጋባል።

አጥናፉ ሳቅ አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ዘሩባቤልን አለፈውና ሌላኛውን አግዳሚ ሊያነሳ ወደ ቤት ገባ።