እትዬ እልፍነሽን ያሞቅሁበት ክረምት

በደቡብ ኦሞ፣ ከወይጦ ወዲህ መብራት ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ሽመልስ ነኝ። ቱርሚ ያሉ ሆቴሎች አምፖላቸው የሚበራው በእኔ ቸርነት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ኦሞራቴ ላይ ሦስት መሐንዲስ ያቃተው ጄኔሬተር የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ተነስቷል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። የአባቴ እህት እትዬ እልፍነሽ ለምን እንዳመኑኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

እትዬ ጂንካ ውስጥ፣ ባላቸው ሳይሞቱ በሠሩላቸው የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጂንካ ይበርዳል ስላቸው የሚስቁብኝ አሉ። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ ሲተኛ ያላየ ሰው ይሳቅ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው አጥንት ቴርሞሜትር አይቶ አይደለም የሚበርደው። እትዬም ምግብ የሚሠሩት ጓሮ ባለው ማዕድ ቤት በከሰል ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዝተው አልጋቸው አጠገብ አኑረው ነበር። ለሙቀት ብቻ። ጥቅልሉ ሽቦ ቀልቶ ሲውል፣ የካርድ ቆጣሪው የተሞላለትን መቶ ኪሎዋት በዐሥር ቀን ይጨርሰዋል።

ካርዱን የምትሞላው ልጃቸው ሰናይት ናት፤ አርባ ምንጭ አስተማሪ ናት። ግንቦት ላይ ደወለችልኝ።

«ሽሜ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ልጆቼን ላብላ ወይስ የእማዬን ስቶቭ? ወደዚህ አመጣታለሁ። አርባ ምንጭ እንኳን ስቶቭ ብርድ ልብስም አያስፈልግ።»

«ለእሳቸው ነግረሻል?»

«ስነግራት ስልኩን ዘጋችብኝ።»

ለምን እንደዘጉ አውቃለሁ። እትዬ የሰፈሩ ዕድር አባል ከሆኑ ዐርባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ለማ መዝገቡን ከፍተው ስም ይጠራሉ። እትዬ «አለሁ» ሳይሉ የቀሩበት እሑድ የለም።

«አርባ ምንጭ ብሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማነው?» አሉኝ ያን ሰሞን። «ይሄን ሁሉ ሰው ሸኝቼ፣ እኔ ስሜን በማያውቅ ሰው ልሸኝ? ባሌ እዚሁ ነው የተቀበረው፤ እኔም ከጎኑ ነኝ። ይልቅ አንተ ባለሙያ ነኝ ትላለህ፤ ይሄን ቆጣሪ አደብ አስገዛልኝ።»

ለሰናይት መልሼ ደወልኩ።

«ክረምቱን ስጪኝ። ዐሥር ቀን የሚሄደውን ካርድ አምስት ወር አስኬደዋለሁ።»

«አምስት ወር?»

«ስድስትም ይሆናል፤ ትሕትና ይዞኝ ነው።»

«እሺ» አለች። «ክረምቱን አያለሁ። ካልሆነ መስከረም ላይ እወስዳታለሁ።»

ሰኔ መጨረሻ ላይ አናጢውን ወዳጄን ቶላን ይዤ ገባሁ። ቶላ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ይመራል፤ ሌላውን ስድስት ቀን በእኔ ላይ ይቀልዳል።

«ይሄ ግድግዳ ስንት ቀዳዳ አለው ትላለህ?» አልኩት።

«ዐሥር ምናምን።»

«ሦስት መቶ ነው። አንተ በዓይንህ ነው የምታየው፤ እኔ በሙያ ነው።»

«ጌታ ለሙያህ ይድረስለት» አለኝና ጭቃውን ከጭድ ጋር ማቡካት ጀመረ።

ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንን። ንፋስ ከቆርቆሮው ሥር እንዳይገባ የማዳበሪያ ኮርኒስ ወጠርን። ከበሩ ሥር የመኪና ጎማ ቆርጠን መታን፤ አልጋውን ከመስኮቱ አርቀን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋነው። ስቶቩን ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲያበሩት፣ በዚያው ውሃ አፍልተው በትንሽ ጀሪካን እግራቸው ሥር እንዲያደርጉት አሳየኋቸው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው ይገድላልና፣ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል እንዳያስገቡ በሚካኤል አስማልኳቸው። መቶ ኪሎዋት ሞላሁ። ስወጣ የስቶቩን ገመድ በሥርዓት ጠቅልዬ አስቀመጥኩላቸው። የእጅ ሥራ ማለት ይህ ነው አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ለከተማው አወራሁ። ሻይ ቤት «እትዬ እልፍነሽ ጋ ስትገቡ ኮታችሁን በር ላይ አውልቁ፤ ላብ ያጠምቃችኋል» አልኩ። መናኸሪያ ላይ አምስት ወሩን ስምንት አደረስኩት። አንድ የቢሮ ሰው እንኳ «ፕሮፖዛል አድርገህ ጻፈውና ለዞን እናቅርበው» አለኝ። ቶላ አጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን ሲያማስል «ቀዳዳው አሁን ስንት ደረሰ?» ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቆጣሪውን ለማየት እሄዳለሁ። ውጭ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው። መጀመሪያ ቅዳሜ ዘጠና ዘጠኝ። ሁለተኛው ዘጠና ስምንት። ሦስተኛው ዘጠና ሰባት። ፎቶ አንስቼ ለሰናይት እልካለሁ። እትዬን ሁልጊዜ የማገኛቸው በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት፣ ሁለት ጋቢ ደርበው ነው።

«ውስጡ እንዴት ነው እትዬ?»

«ተወኝ ልጄ። ሲያልበኝ ነው የወጣሁት። ትናንትማ ሙቀቱ ቢያስቸግረኝ ቀሚሴን አውልቄ ተኛሁ።»

«ድምፅዎ ምነው ታፈነ?»

«ከጎረቤት ጋር ሳወራ። ሰዉ ሁሉ ቤቱን እንይ እያለ መጥቶ ጨረሰኝ እኮ።»

ማጋነን ከየትኛው ወገን እንደወረስኩ ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በረንዳው ላይ ሻዬን ጠጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ሰናይትም ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደውላ «አሸነፍከኝ፤ እዚያው ትሁን» አለችኝ። ወሬውን ለእትዬ ስነግራቸው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በግድ አነሳኋቸው። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። የክረምት እጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

የነሐሴ የመጀመሪያ እሑድ ዕድር ተቀምጠን ጋሽ ለማ መዝገቡን ከፈቱ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ።»

ሰዉ ዘወር ዘወር ብሎ አየ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ» አሉ እንደገና፤ ከመነጽራቸው በላይ ወደ እኔ አዩ። «አክስትህ የት አሉ?»

«ሙቀቱ አልለቃቸው ብሎ ይሆናል» አለ ከኋላ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስሙ ሁሉ ተጠርቶ እስኪያልቅ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ነው የሄድኩት።

በሩ አልተቀረቀረም። ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል። እትዬ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ለብሰው፣ ከላይ የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ደርበው ተኝተዋል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮሃል። ጀሪካኑን አነሳሁት፤ ባዶ ነው፤ ውስጡም ደረቅ ነው። ስቶቩ ላይ ከሽቦው እስከ ማብሪያው ድረስ ሸረሪት አድርታበታለች። ገመዱ ሰኔ ላይ እኔ በጠቀለልኩት ሥርዓት እንደተጠቀለለ ነው።

ስቶቩ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በሳምንት ዐሥራ አምስት ኪሎዋት ይበላል። ይህን ሒሳብ እኔ ተኝቼም አውቀዋለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ በሳምንት አንድ ብቻ ሲቀንስ አይቼ፣ አንድ አምፖል የሚበላውን ያህል ሲበላ አይቼ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

«ለምን እትዬ?» አልኳቸው።

«ተዋበች መጥታ ነገረችኝ» አሉ፤ የግቢ ጎረቤታቸውን ነው። «ሽመልስ አምስት ወር ይሄዳል ብሎ ለከተማው ተናግሯል አለችኝ። እኔ በመጀመሪያው ማታ እንዳሳየኸኝ አብርቼ ቆጣሪውን አየሁት። በዚያች ማታ ብቻ አንድ ጎደለ። በዚያ ሂሳብ አምስት ወር አይደርስማ። ገመዱን አንተ እንዳደረግከው መልሼ ጠቀለልኩት።» ሳል ያዛቸው። «ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ሰናይትም ካልደረሰ ትወስደኛለች።»

«እኔ አምስት ያልኩት እንዲያው ነው እትዬ። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ቢደርስ ይበቃት ነበር። ይደርስም ነበር።»

«እንዲያው እንደሆነ አውቃለሁ። አባትህም እንዲሁ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳንባ ምች ነው አሉን ሆስፒታል። ዘጠኝ ቀን ተኙ። ሰናይት በሁለተኛው ቀን ደረሰች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ፎቶውን ስትልክልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔስ ለምን አልጠየቅኩም?» ብቻ ነው ያለችኝ።

በዐሥረኛው ቀን ከሆስፒታሉ በር በቀጥታ ወደ መኪና አስገባቻቸው። እትዬ ቤቴን ልሰናበት አሉ፤ ሰናይት ከገባች አትወጣም ብላ እምቢ አለች። እኔ እስከ ወይጦ ሸኘኋቸው። ወይጦ ላይ የቆላው ንፋስ በመስኮት ሲገባ እትዬ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ሞቀኝ» አሉ። ማንንም አላዩም።

ቁልፉን የሰጡኝ እኔን ነው። ተመልሼ ቤቱን ልዘጋ ስገባ በግድግዳው ላይ የደፈንናቸውን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ። ጭቃው ከአሮጌው ግድግዳ ስለሚለይ በደንብ ይታያል። ዐሥራ አንድ ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ቆጣሪው ዘጠና አምስት ላይ ቆሟል።

ሻይ ቤት ያ የቢሮ ሰው ፕሮፖዛሉን ጠየቀኝ። ስለ ሌላ ነገር አወራሁት። ቶላም ስለ ቀዳዳው መጠየቁን ተወ።

የመስከረም የመጀመሪያ እሑድ ዕድር ተሰበሰበ። ጋሽ ለማ መዝገቡን ከፍተው ከላይ ወደ ታች መጥራት ጀመሩ። የእትዬን ስም ገና አልሰረዙትም ነበር፤ ከደረሱበት በኋላ ነው ትዝ ያላቸው።

«ወይዘሮ እል...» ብለው አቆሙ።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አጭሩን ተናገርኩ።

«አሉ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ለማ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳንጠለጠሉ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ እንደተገኘ ሰው ምልክት አደረጉላቸውና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።