የጋሽ አራጌ ረጅም መንገድ

ፈንታው ድንኳኑ ውስጥ ከአሊ እጅግ የራቀውን አግዳሚ መርጦ ተቀመጠ። ፊት ለፊት መሆናቸውን ያየው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የጋሽ አራጌ ሐዘን ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ የሁለቱ ኩርፊያ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱን። በጎርፍ ውሃ ተራ ነው የተጣሉት። ሁለቱንም ማሳ የሚያጠጣው ክትር ፈርሷል፤ አንድ ቤት ብቻውን አይሠራውም። ጎርፉ ሰሞኑን ይወርዳል። ክትሩ ካልቆመ የዘንድሮ ማሽላቸው የለም።

ሊያስታርቃቸው የጀመረው ጋሽ አራጌ ነበር። ዓይነ ስውር ነው፤ እንደ ሌላው ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር አያስታርቅም። የተጣሉትን ጠርቶ "ቤቴ አድርሱኝ" ይልና አንዱን ቀኝ፣ አንዱን ግራ ክንዱን ያስይዛል። ከቆቦ ገበያ ቤቱ ሩብ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን በወፍጮ ቤቱ፣ በመስጊዱ፣ በእህቱ ደጅ አዙሮ ግማሽ ቀን ያደርገዋል። ሰው እየመሩ ማኩረፍ ደግሞ አይቻልም፤ ስለ ድንጋዩም ስለ ጉድጓዱም መነጋገር ግድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ እየመሩት ሳለ አሊ "ቦይ አለ" ሲል፣ ፈንታው በእልህ "የለም" አለ። ጋሽ አራጌ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ፣

"አንዳችሁ አለ፣ አንዳችሁ የለም ካላችሁ፣ እኔ የት ልርገጥ?" አላቸው።

ቀሪውን መንገድ ለዛሬ ቀጠራቸው። ሐሙስ ሞተ።

ፈንታው እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነው። ንፍሮውን አስቀምጦ ተነሣና የሟቹ ባለቤት እትየ ሰይዳ አጠገብ ተንበረከከና፣ ቦዩ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ የገደልኩትም እኔ ሳልሆን አልቀርም አላት።

እትየ ሰይዳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎት ነበር።

"የገደለውማ የቆየ የልብ ሕመሙ ነው። ያንን ቦይ ራሱ ነው ያስቆፈረው። በየማለዳው ብቻውን ተሻግሮት ወፍጮ ቤት ደርሶ ይመለስ የለ? ያን ዕለት ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣና፣ ሰይዳ፣ ዛሬስ ገባሁላቸው ብሎኝ ሲስቅ አመሸ።"

ወሬው አግዳሚ ለአግዳሚ ዞረ። ከዚህ ቀደም የታረቁት ሁሉ የተጓዙትን መንገድ ማስላት ያዙ። አንዱ፣ እኔንና ሚስቴንማ ሮቢት ድረስ አስኪዶናል አለ። ዱዓ የሚያደርጉት ሼህ ሳይቀሩ ሳቁ።

አሊ ብድግ ብሎ መጣ።

"አካፋ አለህ?"

"አለኝ።"

ወደ ክትሩ ጎን ለጎን ወረዱ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ እሾሁ ልብሳቸውን ይይዛል። እንዲያም ሆኖ መሃላቸው ላይ የአንድ ሰው ቦታ ትተው ነበር የሚሄዱት።