ፈራሁ አልኩት

«ጠንካራ ነበረች እኮ! አንድ ቀን እንባዋን አላየንም» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ለአዲስ መጪዎቹ ሻይ እየቀዳች።

ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ባልየውም ነቀነቀ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ከቀብሩ ወዲህ መሪ ያልያዙ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት፣ ጉልበቱ ላይ አጋድሟቸው ይውላል።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሰፈሩ «ወሬ በመቀስ» ይላት ነበር። እሷ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ፀጉሯም ሆዷም ቀሎላት ነበር የምትነሳው። ሐኪሙ የጡት ካንሰር መሆኑን ሲነግራቸው እንኳ፣ «ፀጉሬ ሊረግፍ ነው በለኛ! ደንበኞቼ ምን ይሉኛል?» ብላ አሳቀችው። ባልየውም አብሮ ሳቀ።

ሕክምናው በተጀመረ ሰሞን፣ አንድ ምሽት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ስማኝማ፣ ምናልባት ብሞት…» ስትል ከአፏ ነጠቃት።

«ምን ያለ ሟርት ነው! ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ትድኛለሽ አልኩሽ፣ ትድኛለሽ!»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እሷም ጥቂት አየችውና፣ «እሺ በቃ፣ ትቼዋለሁ። ራትህን ላቅርብ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም። እሱም ፍርሃቱ የለቀቃት መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት ገባች። የሚያውቃት አልነበረም። ባልየው አጠገብ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። ሆስፒታል አብረን መድኃኒት ስንወስድ የነበርን ነን። ፀጉሬን የላጨችኝ እሷ ናት።»

«እሷ?»

«እየረገፈ ከሚያዋርደን እኛ እንቅደመው አለችና፣ ሁላችንንም ተራ በተራ ላጨችን። የአንዷን ራስ ዳብሳ ‹ይሄን የመሰለ ራስ ደብቀሽ ኖረሻል!› ስትል፣ ነርሶቹ ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ።»

ባልየው ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ታለቅስም ነበር።»

«ማን?»

«እሷ ናታ። መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ። ‹ፈጣሪን ተቀይሜዋለሁ፣ ጸሎት አልወጣ አለኝ› ትለኝ ነበር። አብሬያት አለቅሳለሁ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ? በኋላ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። ‹ታረቅን› አለችኝ። ምን ብለሽው ነው ብላት፣ ‹ምንም። ፈራሁ አልኩት፤ አልተቆጣኝም› አለችኝ።»

ታላቅ እህት ከወዲያ ማዶ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የኔ እህት፣ ይሄ አሁን የሚወራ ነው?»

«ተያት፣ ትንገረኝ» አለ ባልየው። ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«‹እሱ ያን ሁሉ ነፍስ ጭኖ ነው የሚውለው› ትል ነበር። ‹እጁ ከተንቀጠቀጠ ጉድ ነው።›»

አውቶቡስ ነጂው አቀረቀረ። እስከ ዛሬ ሲናፍቀው የከረመው ሳቋ ነበር። አሁን ሰምቶት የማያውቀው ለቅሶዋ ናፈቀው። ያቺ ምሽት ብትመለስለት፣ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ምናልባት ብሞት» ብትለው፣ «እሺ፣ ንገሪኝ» ብሎ እስኪነጋ ያዳምጣት ነበር። ግን ምን ልትለው እንደነበር የሚነግረው አልነበረም። ሴትዮዋን ጠየቃት። እሷም አታውቅም።

«ልሂድ እንግዲህ። ነገ ተራዬ ነው፤ ማልጄ ሆስፒታል መድረስ አለብኝ» ብላ ተነሳች። ካፖርቷን ደረበችና ልትቆልፈው ሞከረች። ቁልፉ ከጣቶቿ አመለጠ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አመለጠ።

«መድኃኒቱ ነው» አለች አፍራ እየሳቀች። «ሰሞኑን ጣቶቼ የኔ አይደሉም።»

ባልየው ተነሥቶ ፊቷ ቆመ። ከታች ጀምሮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስገባቸው። ለሚስቱም ሲቆልፍላት ስለከረመ እጁ ሥራውን ያውቀዋል።

«ነገን ትፈሪያለሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«በጣም እንጂ!»

አይዞሽ ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። የመጨረሻዋን ቁልፍ አንገቷ ሥር ቆለፈላት፣ ኮሌታዋን አቃናላት። እጁንም ከዚያ ላይ ቶሎ አላነሳም።