ያልታጠበው ሉህ

ማርች 14 ቀን 2019፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ሐሚዳ ከአሱር ሰላት ተነሥታ ሾርባውን ስታቀርብ ዓይኗ የግድግዳው ሰዓት ላይ ስላረፈ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ባሏ አዩብ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ሉሁን፣ የሚጽፍበትን ሰሌዳ፣ ከጎኑ አንሥቶ ጻፈበት፣ ወደ እሷም አዞረው።

«ሐሚዳ፣ ሾርባው ጨው የለውም።»

ሐሚዳ ንባቧ ዝግ ያለ ነው፤ በጎልማሳነቷ የተማረችውን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመች ነው የምታነበው። ስሟን ብቻ መልቀም አያስፈልጋትም፤ ከሩቅ ታውቀዋለች። አዩብም አንብባ እስክትጨርስ እንደ ልማዱ ጠበቃት።

«ዶክተሩ የከለከለህን እኔ ልጨምርልህ? ሂድና ቺፉ ዘንድ ክሰሰኝ!» አለችው፤ ቺፉ የሰፈሩ የመንግሥት ሹም ነው።

ትከሻው ተርገፈገፈ። ድምፁ ከሄደ ወዲህ ሳቁ እንዲህ ነው። እሷም እያጉረመረመች ከገመዱ ላይ ልብስ ልታነሣ ወጣች። የታጠፈውን ልብስ አቅፋ ስትመለስ ብዕሩ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፤ አዩብ ግድግዳውን እንደተደገፈ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ስሙን ጠራች፤ ደግማ ጠራች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ነው የሞላው።

አዩብ ድምፁን ያጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ጉሮሮው ላይ የበቀለውን ነቀርሳ ናይሮቢ ላይ ሲያወጡለት ድምፁም አብሮ ወጣ። በድምፁ የሚያድር ሰው ነበር። ከወሎ በወጣትነቱ ተሰዶ፣ ካምፕ ኖሮ፣ በኋላ እዚህ ኬንያ ሞያሌ ጨርቅ ነጋዴ ሆኖ፣ ባማርኛም በቦረንኛም በስዋሂሊም እየተከራከረ ገበያተኛውን በሳቅ የሚያስገዛ ነበር። ከናይሮቢ ሲመለስ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ ዝም አለ። ቤቱም አብሮት ዝም አለ።

ሰሌዳውን የላከችለት ልጃቸው ኢክራን ናት፤ ናይሮቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ታብሌት ነው፣ ግን እንደ ስልክ አያበራም። ገጹ ግራጫ ነው፣ ሲዳስሱት እንደ ወረቀት ሻከር ይላል፣ ፀሐይ ላይ ሲያነቡት ዓይን አይወጋም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሰንብቶ ነው የሚያልቀው፤ መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዕሩ ቀለም የለውም። ጫፉ ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነገር አለች፤ በጽሑፍ ብዛት ታልቃለች፣ ያን ጊዜ ተነቅላ ሌላ ይገባላታል። የብዕሩ ጀርባ ደግሞ ያጠፋል።

አዩብ ጫፏን «ጥርስ» አላት። ጥርስ ቶሎ ቶሎ ይጨርስ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በካርቦን ደረሰኝ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ ሥር ላለ ወረቀት የሚያስተላልፍ ይመስል ይጫናል። ጥርሱ ሲደነዝ ሐሚዳ እሾህ በምታወጣበት ወረንጦ ቆንጥጣ ትነቅለውና አዲሱን ታስገባለች። ኢክራን ትርፍ ጥርሶችን በፖስታ ጠቅልላ በናይሮቢ አውቶቡስ ትልክላቸዋለች። ሐሚዳ ቀስ ብለህ ጻፍ ብትለው አዩብ፣ «ቀስ ብዬ ከጻፍኩማ ሹክሹክታ ይመስላል» ብሎ ጻፈ።

የሄሉ ሰፈሩ የከብት ደላላ ሁካ፣ የቆየ ወዳጁ፣ በየሳምንቱ እየመጣ ከፊቱ ቁጭ ይላል። ሁካ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም።

«ምን አለ?» ይላል ሐሚዳን።

«በሬ ስትሸጥ ዕድሜውን ትቀንሳለህ፣ የራስህን ዕድሜ ግን ትጨምራለህ ይልሃል።»

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ! ድሮ በምላሱ ነበር የሚያቃጥለኝ፣ አሁን ደግሞ በብዕሩ ጀመረ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ተመልሶ ቤት ሆነ።

ኢክራን ሰሌዳውን ስትልክ አንድ ነገር ለምናው ነበር። እናቷ ስልኩን ጆሮው ላይ ስታደርግለት፣ «አባ፣ ገጹ ሲሞላ ወደ ጎን ግፋው፣ አዲስ ገጽ ይሰጥሃል፣ የጻፍከውም ይቀመጣል። የመጣህበትን መንገድ ጻፍልኝ። ስለ ወንድምህ ስለ መሐዲ ጻፍልኝ። ስመጣ አነበዋለሁ» አለችው። አዩብ ስልኩን በጥፍሩ አንዴ ኳ አደረገ፤ አንዴ ማለት እሺ ነው።

ጻፈም። ግን አዲስ ገጽ ገፍቶ አያውቅም።

ልጅ ሆኖ ወሎ ውስጥ ቁርዓን ሲቀራ የሚጽፉበት ከእንጨት የተጠረበ ሉህ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ከተያዘ በኋላ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ለነገ የሚጻፍበት የለም። እጣቢውን ልጆቹ በእፍኛቸው ተቀብለው ይጠጡታል፣ ትምህርቱ ሆዳቸው ውስጥ እንዲቀር። አዩብም ታብሌቱን ገና በመጀመሪያው ቀን ሉህ አለው፣ እንደ ሉህም ያዘው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ፣ ብዕሩን ገልብጦ ቀኑን የጻፈውን ሁሉ መስመር በመስመር እያሸ ያጠፋል። ደብዛው ትንሽ ይቆይና ገጹ አንዴ ጥቁር ብልጭ ብሎ ይነጣል። ሐሚዳ አንድ ቀን ለቀልድ ሁለት እጇን ከሉሁ ሥር ዘርግታ፣ እንደ ውሃ ተቀብላ፣ ፉት አለች። አዩብ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሳትጠጣ የታጠበበት ቀን የለም።

ያን ሐሙስ ግን አጣቢው ሄደ፣ ሉሁም ሳይታጠብ አደረ።

ኢክራን በሌሊቱ አውቶቡስ ተነሣች። መንገድ ላይ ፍተሻ በዛና አርብ ረፋዱ ላይ የተፈጸመው ቀብር አልፏት፣ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ሁካ ከደጅ ተቀብሎ «ፖሌ፣ ልጄ፣ ፖሌ ሳና» ብሎ በስዋሂሊ ሲያጽናናት ነው ቀብሩ ማለቁን ያወቀችው። የአባቷን ፊት አላየችም።

ለቅሶው ቀለል ሲል፣ «እማ፣ የጻፈልኝን ስጪኝ» አለች።

ሐሚዳ ሉሁን ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻት። ኢክራን ከፈተችው። ሐሚዳ፣ ሾርባው ጨው የለውም። ወደ ጎን ገፋችው፤ ሌላ ገጽ የለም። ወዲያ ገፋች፣ ወዲህ ገፋች።

«ሌላው የት አለ?»

«ታጥቧል።»

«ምን ማለት ነው ታጥቧል?»

ሐሚዳ ነገረቻት። ኢክራን መሬት መሬት እያየች ሰማቻትና ድንገት ጮኸች። «ዓመት ሙሉ ጻፈ፣ ዓመት ሙሉ አጠፋችሁት! አንቺስ እማ? አንድ ቀን እንኳ ተው አትይውም ነበር?»

«እሱ ደስ ሲለው አየዋለሁ። ምን ብዬ ልከልክለው?»

«የመሐዲን ጽፎ ነበር?»

«ጽፎ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲጽፍ ዋለ፤ ጥርሱንም ያን ዕለት ጨረሰው። ለሁለት አንድ ሰንደል ጫማ ነበረቻቸው አሉ፣ በየተራ ነበር የሚያጠልቋት። ወታደር መጥቶ በየጫካው ሲበታተኑ ተራው የአባትሽ ነበር። ጫማዋ ከእሱ ጋር ቀረች፣ መሐዲ ባዶ እግሩን ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።»

«በራሱ ቃል እንዴት አድርጎ ነው ያለው?»

ሐሚዳ አሰበች። ነገሩን እንጂ ቃሉን አላገኘችውም። ብትፈልግ ብትፈልግ ጨርሶ አልመጣላትም። ጠጥቼዋለሁ ብላ ስታምን የኖረችው ሴትዮ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዲት ገጽ እናትና ልጅ ተኳረፉ። ሐሚዳ ገጿ እንድትታጠብ ትፈልጋለች። ለቅሶ ደራሹ ፊደል የቆጠረው ሁሉ አንሥቶ እያነበበ ቀና ብሎ ያያታል፤ ጨው ነፍጋው ሞተ የሚሉ ይመስላታል። ኢክራን ደግሞ ብዕሩን በመቀነቷ ሸጉጣ ነው የምትተኛው።

«ይቺ የመጨረሻ ቃሉ ሆና አትቀርም» አለች ሐሚዳ። «ሳያጥብ አያድርም ነበር። እኔ ላጥብለት።»

«ፊቱን አላየሁም እማ። ከእጁ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። ይህንንም ልታጠፊብኝ?»

ሁካ ሊያስታርቅ ገባ። «ይሄማ ምን ያጣላል? በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ይታጠብ።» ኢክራን አነሣችው። ስልኳ ውስጥ ሲያበራ አይታ ገለበጠችው። «ፎቶ ነው። ተጭኖ የጻፈበት አይደለም» አለች። ሁካም ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ወደ ናይሮቢ በምትመለስበት ዋዜማ ኢክራን ሾርባ ሠራች። እናቷ በዚህ ቤት ሾርባ ጨው አይደረግበትም ስላለቻት ጨው አላደረገችበትም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ኢክራን ሳታስበው አባቷ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነበረች። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«እማ! ይሄማ ጨው የለውም!»

«ሂጂና ቺፉ ዘንድ ክሰሺኝ!»

ሐሚዳ ካፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። ኢክራንም ማንኪያውን እንደያዘች አየቻት።

«ለእሱም እንዲህ ነበር ያልኩት» አለች ሐሚዳ። «ይህን ጽፎ ሲያሳየኝ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። እንዲህ፣ ትከሻው ብቻ። እያሳቅሁት ነው የወጣሁት፤ ስመለስ የለም።»

ኢክራን ሳህኑን አስቀመጠች። ሳቅ ጀመራት፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፤ ቀብር ካመለጣት ወዲህ እንዲያ አላለቀሰችም። እናቷ ጀርባዋን ታሽላት ነበር። ሲበርድላት ብዕሩን ከመቀነቷ አውጥታ እናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«እጠቢው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፀሐይ እየገባች ነው እማ።»

ሐሚዳ ሉሁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዕሩን ገለበጠች። አጥብታ አታውቅም፣ ሁልጊዜ አጣቢው እሱ ነበር። ከመጨረሻው ጀመረች። «የለውም» ሄደ። «ጨው» ሄደ። «ሾርባው» ሄደ። እጇ የራሷ ስም ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ኢክራንን አየቻት። ብዕሩን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

ደብዛው ጥቂት ቆይቶ ገጹ ብልጭ አለ። ላዩ ላይ ሐሚዳ የሚል ብቻ ቀረ፣ የ«ሐ» ፊደል እግር በጫና ወፍሮ። ኢክራን ሁለት እጇን ከሉሁ ሥር ዘረጋች፤ ሐሚዳም ዘረጋች። መግሪብ ሲጠራ እፍኛቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

በማግስቱ ኢክራን በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሉሁ ሞያሌ ቀረ፤ ብዕሩን ናይሮቢ ወሰደችው።