ቤቶች የማይለው አስማተኛ

ወይዘሮ እታገኝ የማይንቁት ነገር ጥቂት ነው። የሞላሌ ገበያን ነጋዴ ይንቃሉ፣ የዘንድሮን የበግ ጠጉር ይንቃሉ፤ ከሁሉ አብልጠው የናቁት ግን የወንድማቸው ልጅ ትሕትና ኮምፒውተሯ ውስጥ የምታዘዋውረውን ባለ ጢም አስማተኛ ነው። ጨዋታው ከትሕትና በዕድሜ ይበልጣል። ጥድፊያ የለ፣ ተኩስ የለ። አንድ ዕቃ ላይ ጠቅ ስታደርግ ሽማግሌው እየተጎተተ ሄዶ ያነሳዋል፤ ሌላው ላይ ጠቅ ስታደርግ ያነሳውን ይሞክርበታል፤ ካልሆነለት ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል። በዚህ ቀኑ ይመሻል።

"ቤቶች እንኳ አይልም እኮ!" ይላሉ ወይዘሮ እታገኝ። "በር ከፍቶ ሰተት! የአንዲት መበለት ብርድ ልብስ ከአልጋዋ ገፎ ከረጢቱ ውስጥ፣ ጭልፋዋን ከረጢቱ ውስጥ። እሷም ቆማ ታየዋለች፣ የማትረባ።"

"ዕቃ መሰብሰብ የጨዋታው ሕግ ነው፣ እትዬ።"

"ሕጉ ስርቆት ከሆነ ዳኛውም ሌባ ነው።"

ንዴታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትሕትና በባዮሎጂ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያላንኳኳችው መሥሪያ ቤት የለም፣ ሥራ ግን የለም። የፊታችን እሑድ ከዘመሮ ሽማግሌ ይላክባታል፤ የሚፈልጋት ወፍጮ ቤት ያለው መሳፍንት ነው። ወይዘሮ እታገኝ ልባቸው ወዷል። ልጅቷ ግን ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስት ጊዜም "ሥራ ሳልይዝ አላገባም" ብላለች።

ዓርብ ዕለት እንዝርታቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ጠጉሩን እየፈተሉ በነገር ሊያግባቧት ነው። አስማተኛው አንድ ድልድይ ላይ አራት ቀን ተገትሯል። አንድ ግዙፍ ዘበኛ አላሳልፍ ብሎታል። ትሕትና ዳቦ ሰጠችው፣ እንቢ። ወርቅ ሰጠችው፣ እንቢ። ጭልፋውን ሳይቀር ሰጠችው።

"አንቺ፣ ዓይን የለሽም?" አሉ ወይዘሮ እታገኝ በመጨረሻ። "በርዶት ነው እንጂ! ትከሻውን ሲያቅፍ አታይውም? ያን ብርድ ልብስ ስጪው።"

ሰጠችው። ግዙፉ ተጠቅልሎ ቁጭ አለ፤ ድልድዩም ተከፈተ። ትሕትና ስትስቅ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ደስታው ከየት እንደመጣባቸው አላወቁም። ወዲያው አፈሩና ኮስተር አሉ።

"እስቲ ንገሪኝ፣ ምኑ ነው እንዲህ የያዘሽ?"

ትሕትና ወደ እሳቸው ዞረች። "እዚህ ያነሳሁት ነገር በከንቱ አይቀርም፣ እትዬ። ዛሬ ባይጠቅም ነገ አንድ በር ይከፍታል። እስኪከፈትም ደጋግሜ ብሞክር ማንም አይስቅብኝም።"

እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ወይዘሮ እታገኝ ግን ምላሳቸው መቼ ያርፋል።

"ያንቺ ዲግሪ ግን የሚከፍተው በር የለም" አሉ። "አራት ዓመት የለቀምሽው ለከረጢት ሸክም ነው።"

ትሕትና ኮምፒውተሩን ዘጋችና ጠጉር ልታባዝት ገባች። ቅዳሜም አልከፈተችውም። ወይዘሮ እታገኝ መጀመሪያ እሰይ አሉ፤ ቀትር ላይ ግን አላስችል አላቸው።

"ያ ሌባሽ ዛሬ አልተነሳም?"

"ይብቃው፣ እትዬ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ ነገራችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው በሩ ሥር ቆሙ። አንጋፋው አቶ ደመላሽ በትራቸውን ተደግፈው "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የመጀመሪያ ቀን መልሱ የታወቀ ነው፤ ዘመድ ልጠይቅ፣ ተመለሱ ይባላል። ወይዘሮ እታገኝ ይህንኑ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ትሕትና ከጓዳ ብቅ አለች። እጇ ላይ የተባዘተ ጠጉር ይዛለች።

"እሺ በሏቸው" አለች። "ሌላ ምን እጠብቃለሁ? ለምንም እንደማልረባ ነግረውኛል እኮ፣ እትዬ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ወይዘሮ እታገኝ ሦስት ጊዜ የለመኑት እሺ ይኸው መጣ፤ ደስታውን ቢጠብቁት ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉና ወደ መደቡ አመሩ።

"ቆዩ፣ አትቀመጡ" አሉ ወይዘሮ እታገኝ። "እሺ ያለችው እሷ አይደለችም። የኔ ክፉ ምላስ ነው ያስባላት።"

አቶ ደመላሽ ግራ ገብቷቸው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ትሕትና ግን የዓርቡ ቃል ገና ከልቧ አልወጣምና አክስቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም።