ሁለተኛው ገጽ

ዝርዝሩ ለመባዛት የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ዘጠኝ ስም አለው፤ ሰባተኛው የማባዣው የገዛ ሴት ልጁ ነው።

ማባዣው ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ወስዶ ደግሞ አነበበው። በዚህ ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማሽኑንም እሱንም በአንድ ስም «ማባዣው» እያሉ ሲጠሩ ኖረዋል። ለምዶታል ይላሉ፤ አልለመደውም። «ከዚህ በታች የተጠቀሱት ተማሪዎች በሞሉት መጠይቅ የስሜትና የጠባይ ችግር ስለታየባቸው ከሰኞ ጀምሮ በልዩ ክፍል ይማራሉ» ይላል ወረቀቱ።

ልዩ ክፍሏን ያውቃታል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ የተሰባበሩ ዴስኮች ማጎሪያ የነበረች ክፍል ናት። እዚያ የገባ ልጅ «የነካው» ተብሎ ይቀራል። ስም ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ በምን ይፋቃል? እሱን ራሱን ስምንተኛ ክፍል ሳለ አንድ መምህር ደብተሩ ጀርባ ላይ «ድንጋይ ራስ» ብሎ ጻፈበት፤ በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ይህን ታሪክ እራት በቀረበ ቁጥር ይተርከዋል። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ያልፋል፤ ከርዕሰ መምህሩ ዕድገት ወደ ከለከለው ኮሚቴ። ሚስቱ ሳህን ታነሳለች። ልጁ ታዳምጣለች።

ዝርዝሩን ሲደግመው ግን አንድ ነገር ከነከነው። አራተኛው ስም የዚያ የቀልደኛው ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ልጅ። «እሱ ከታመመ ጤነኛው ማን ሊሆን ነው?» አለ ለራሱ።

ከመሳቢያው ዋናውን መጠይቅ አወጣ። ሁለት ገጽ፣ ሠላሳ ዐረፍተ ነገር፣ ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሳጥን። በመጀመሪያው ገጽ ከሳጥኖቹ በላይ «እውነት አይደለም»፣ «በከፊል»፣ «እውነት ነው» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ገጽ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆቹ ሳያነቡ እንዳይሞሉ መሆኑ ነው፤ የተማረ ሰው ብልጠት! ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማሽኑ የወረቀት አናት ይበላ ነበር። የሁለተኛው ገጽ ራስጌ ከነሦስቱ መልሶች ተቆርጦ ሲወጣ ዓይኑ እያየ «ምን አገባኝ፣ አዋቂዎቹ ያስተካክሉት» ብሎ አርባውንም ቅጂ ጠርዞ ሰጠ። ልጆቹም ራስጌ ቢያጡ እንደ መጀመሪያው ገጽ ሞሉት። ከሁሉ ይበልጥ ደስተኛ የነበረው በሽተኛ ሆኖ ወጣ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለበት። ሦስተኛው በሩን ያሳየዋል።

መጠይቁን ያስሞላችው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ትምህርቷን አምና የጨረሰች ወጣት ናት። ገና ቢሮዋ ሲገባ ከወረቀት ክምሯ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ኮፒው አለቀልዎት?»

«ምን ያልቃል! አንቺም ጀምረሽ አትጨርሺ።» አንቺ ያላት ሆን ብሎ ነው። ዝርዝሩን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው። «አርባውም ገደል ይግባ። የሁለተኛው ገጽ ራስጌ ተቆርጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አንዱን ገለጠች፤ ሌላውን ገለጠች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማባዣውን ማን ጠየቀው? አንቺስ ይህን ሁሉ ወረቀት ስታርሚ ዓይንሽ የት ነበር? ነጥብ ስትለቅሚ ሰው መሆናቸውን ረሳሽው?»

«መልስ መስጫውን ይዤ ሳጥኑን ብቻ ነበር የማየው...» ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ሰኞ ላስገባቸው ነበር እኮ! እሺ፣ ሁሉም እንደገና ይሞላል። ለርዕሰ መምህሩ ግን መንገሬ አይቀርም።»

«ንገሪው። የልጄን ወረቀት ግን አሁን፣ እዚሁ፣ ፊቴ ቀደሽ ጣይልኝ።»

ክምሩን አገላብጣ አገኘችው። ልትቀደው ይዛ ቆመች።

«ጋሼ... ይሄኛው ራስጌ አለው።»

ባዶው ቦታ ላይ፣ በማስመሪያ በተሰመረ መስመር፣ ሦስቱ መልሶች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፈዋል። የልጁ እጅ ጽሑፍ ነው።

ያኔ ትዝ አለው። ባለፈው ሳምንት በዕረፍት ሰዓት መጥታ «አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር አለ» ብላው ነበር። እሱ ስለ ርዕሰ መምህሩ እያወራት ነበር። ዋናውን ከጠረጴዛው አንስታ፣ እያየች እንደቆመች ጽፋ ጨረሰች። እሱ ወሬውን አላቋረጠም።

አማካሪዋ ጣቷን ሃያ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አሳረፈች፤ አላነበበችለትም። ራሱ አነበበው። «ቤት ውስጥ የሚያዳምጠኝ ሰው አለ።» የልጁ ራይት «እውነት አይደለም» ላይ ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ልቅደደው?» አለችው ቀስ ብላ።

ብዙ የሚላት ነበረው። ሆኖም ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ የታጠፈ ጥጉን በአውራ ጣቱ አቀናና ክምሩ ላይ መለሰው።

«ተይው» አለ።

የምሳ ደወል ሲደወል ልጁ እንደ ወትሮዋ ማባዣ ክፍል መጥታ የወረቀት ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑ ይጮኻል። የማባዣውን አፍ ወሬ ሞልቶታል፤ የተማረችዋን ልክ እንዳስገባት፣ ርዕሰ መምህሩ ነገ የሚለውን፣ እሱ የሚመልሰውን። «ዛሬ ደግሞ ሰማሽ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። እጁን ዘርግቶ ማሽኑን አጠፋው።

ልጅቱ የምሳ ዕቃዋን እየከፈተች ቀና አለች። ማሽኑን አየችው፤ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ተበላሸ እንዴ አባዬ?»

«አልተበላሸም» አለና ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠ።