የሎውረንስ ፔምበር አወዳደቅ

ሎውረንስ ፔምበርን መውደቅ ያስተማረችው ኖሪን ናት። ይህን ባሰበች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል፤ ማሰቡን ደግሞ መተው አልቻለችም።

ስኬልዊክ ውስጥ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ማክሰኞ፣ ሴቶቹ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ሻሻቸውን ሸብ አድርገው፣ ፓንኬክ በመጥበሻ ይዘው ይሮጣሉ። ከገበያው አደባባይ ይነሱና ፓንኬኩን ወደ ላይ እየወረወሩ፣ መልሰው በመጥበሻው እየቀለቡ፣ ቁልቁል እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር። ኖሪን በወጣትነቷ ማንንም አታስቀድምም ነበር። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ደግሞ የሩጫው አዘጋጅ እሷ ናት፤ ያለእሷ ፈቃድ ማንም መጥበሻ ይዞ መስመሩ ላይ አይቆምም።

ስለዚህ የከተማዋ የፓርላማ ተወካይ ፔምበር፣ ያን ሰሞን ምክትል የጤና ሚኒስትር የተባለው ሰውዬ፣ «ዘንድሮ ከሴቶቹ ጋር ልሩጥ» ሲል በቀጥታ የመጣው ወደ እሷ ማድ ቤት ነበር። ረዳቱ ኢሞጅን አብራው ነበረች፤ ከስልኳ ቀና የማትል ቀልጣፋ ወጣት። ኖሪን ሻይ አፈላች፣ ሊጥ በጠበጠች፣ መጥበሻውን አስጨበጠችው።

«አቶ ፔምበር፣ የእጅዎን አንጓ ላላ ያድርጉት እንጂ። የሚመቱት ሰው የለም እኮ።»

«ኧረ ሎውረንስ ይበሉኝ፣ ወይዘሮ ኖሪን።»

«እሺ ሎውረንስ። እኔ ግን በነጻ አላስተምርዎትም።»

ባሏ ክሊፎርድ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ያያቸዋል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሰንብተዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ባለችው ትንሽ ሆስፒታል ከማሽን ጋር ተያይዞ ደሙን ያሳጥባል። ነፍሱ የተንጠለጠለችው በዚያች ክፍል ላይ ነው።

«የኩላሊት እጥበቱ ክፍል ይዘጋል፣ በሽተኛው ሁሉ ወደ ትልቁ ከተማ ይመላለሳል እየተባለ ነው» አለች ኖሪን። «እዚያ ደርሶ መመለስ ለሱ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መንገላታት ነው። አይችለውም።»

«ሰምቻለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ነው።»

«እንግዲያው ካሜራው ሁሉ የሚቆመው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ አይዘጋም ብለው ይናገሩልኝ። ሀገር ይስማው።»

ፔምበር መጥበሻውን አስቀምጦ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ታዲያ ለምን የምሮጥ መሰለዎት?»

ከዚያ መንገዱን ሊያዩ ወጡ። ኢሞጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና አለች። «ሰው የሚያዳልጠው የት ጋ ነው? እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው።»

«ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት። ድንጋዩ ሲረጥብ ሳሙና ነው።»

«ድንገት ቢወድቅስ? እንዳይጎዳ እንዴት ቢወድቅ ይሻላል?»

ኖሪን ሳቀች። በቂጡ ቁጭ እንዲል፣ እጁን እንዳያስቀድም፣ መጥበሻውን ወደ ፊት እንዲለቅ ነገረችው። ሰውየው እዚያው ድንጋዩ ላይ ደጋግሞ ሞከረው። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ አጨበጨበችለት። እነሱ ሲሄዱ ክሊፎርድን «ምን አልክ ታዲያ?» ስትለው፣ «እጄን ጨብጦ ሲለቀኝ ሰዓቴ እንዳልተሰረቀ አየሁ» አላት።

«አንተ ደግሞ! ሰው ማመን አታውቅም።»

የሩጫው ቀን ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። የዚያን ያህል ጋዜጠኛ ስኬልዊክ አይታ አታውቅም። ኖሪን ግን አንድ ነገር ግር አላት፤ ካሜራዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አልቆሙም። አንድም ሳይቀር ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ፀሐዩ ቢመቻቸው ነው ብላ አለፈችው፤ ፀሐይ ደግሞ አልነበረም።

ፔምበር አበባ አበባ ያለበት ሽርጥ አሸርጦ፣ ሻሽ አስሮ፣ ከሴቶቹ ኋላ እየተንገዳገደ መጣ። ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርስ ፓንኬኩን ወደ ላይ ወረወረ፣ እግሩ ሸርተት አለ፣ በቂጡ ዘጭ። መጥበሻው ወደ ፊት ተንሸራተተ። ፓንኬኩ አናቱ ላይ ዐረፈ። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ኖሪንም ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ለኩላሊት በሽተኛ ሚስት ከተከለከለ ስንት ጊዜ የሆነውን ሳቅ ሳቀች። አንዱ ካሜራ ፊቷ ላይ ነበር።

ከዚያ ፔምበር ይነሳና ሩጫውን ይጨርሳል ብላ፣ ቃሉን እንድትሰማ እያነከሰች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደች። ቆመች፤ ጠበቀች። ሴቶቹ ሁሉ ገቡ። እሱ የለም።

«መኪናው ሄደች እኮ» አላት ቄሱ። «ከሥጋ ቤቱ በር አንስታው ነው የሄደችው።»

ስልኳ ጠራ። ክሊፎርድ ነው፣ ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ።

«ኖር፣ ነርሷ አሁን ነገረችን። ክፍሉ ከፋሲካ በኋላ ይዘጋል። ቁርጥ ነው፣ አሁን ነው ይፋ የወጣው።»

«አይዘጋም። ሊናገር ነው፣ ቃል ገብቶልኛል፣ አሁን ሊናገር ነው...»

«ቴሌቪዥን ላይ እያየሁት ነው፣ ኖር። አናቱ ላይ ፓንኬክ አለ።»

ድሮ በዚህ ሀገር የሚዋሽ ሚኒስትር ቢያንስ ያፍር ነበር፤ አሁን ሽርጥ ያሸርጣል። ያን ምሽት ዜናው ውድቀቱን አሳየ፣ ቀስ አድርጎ ደግሞ አሳየ፣ ከኋላ ተነስቶ አሳየ፣ ከዚያ የኖሪንን ሳቅ አስከተለ። በማግስቱ ጋዜጦቹ ሁሉ ፊት ገጻቸው ላይ ያንኑ ፓንኬክ ለጥፈው ወጡ። ስለ ክፍሉ የጻፈ ካለ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ አጠገብ ነው የጻፈው። ኖሪን በየጋዜጣው ቢሮ ደወለች። «ስለ ስኬልዊክ ነው የምደውለው» ስትል «እሰይ! የፓንኬኩ ጉዳይ?» ይሏታል። አይደለም ስትል መልሰን እንደውላለን ይላሉ። ማንም መልሶ አልደወለም።

የደወለው የጠዋቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ሚኒስትሩን ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት አሉ፣ ከሳቸው ጋር አብረው ይቅረቡልን አሏት። ክሊፎርድ አትሂጂ አላት።

«በቀጥታ ነው የሚተላለፈው» አለችው። «ከአፌ የወጣውን መቁረጥ አይችሉም።»

ስቱዲዮው ውስጥ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት መጥበሻ አስታቀፏት። ፔምበር ተነስቶ ጉንጯን ሳማት። አቅራቢዋ ፊሊፓ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ፣ «ወይዘሮ ኖሪን፣ እውነት ይናገሩ፣ ከተማሪዎችዎ ሁሉ ደካማው እሳቸው ናቸው?» አለቻት።

ኖሪን ከቤቷ ስትወጣ ሐሳቧ በጨዋ ደንብ ልትናገር ነበር። የስኬልዊክ ሰዎች ሲያስነጥሱ እንኳ ይቅርታ የሚሉ ናቸው፤ እሷም ከነሱ ወገን ናት። የሰውየውን ፈገግታ ስታይ ግን ደሟ ፈላ።

«ደካማ አይደለም። መውደቅ አስጠንቼዋለሁ፣ በደንብ አጥንቷል» አለች። እርስዎ ማለቱም እዚያው ቀረ። «የት እንደሚያዳልጥ ጠየቅኸኝ፣ አሳየሁህ። ካሜራውን እዚያ ደረደርክ። አንተ ቂጥህ ላይ ተቀምጠህ ሀገር ሲስቅ፣ በዚያው ሰዓት የባሌን ክፍል ዘጋህ። እኔንም አሳቅኸኝ! ባሌ ማሽኑ ላይ ተኝቶ፣ እኔን በገዛ ሞቱ ላይ አሳቅኸኝ! ዓይንህን በጨው ያጠብክ!»

ሳታውቀው ተነስታለች። መጥበሻውም ከእጇ ጋር ወደ ላይ ተነስቷል። ፔምበር ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለ፤ ይህንን ግን ማንም አላስተማረውም። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ መጥበሻውን ተቀበሏት!» አለች ፊሊፓ እንባዋን እየጠረገች። «ከዚህ ማዕበል በኋላ ወደ አየር ትንበያው እንለፍ።»

አልቆረጡትም። መቁረጥ አላስፈለጋቸውም። ቀትር ሳይሆን ሀገሩ ሁሉ አይቷት ነበር፤ መጥበሻ የያዘች፣ ጉንጯ የሚርገበገብ፣ ፀጉሯ የቆመ አሮጊት፤ ድምፅዋን አጥፍተው ዘፈን አስገብተውበታል። «የመጥበሻዋ ሴትዮ» አሏት። ፊቷን ኩባያ ላይ አትመው ሸጡት። ፔምበር ስለሷ ሲጠየቅ፣ «በጣም የምወዳት ሴት ናት፣ እንደ እሷ ያሉት ናቸው ይህቺን ሀገር ያቆሟት» አለ። ብዙም ሳይቆይ ምክትል የሚለው ቃል ከስሙ ፊት ተነሳለት።

ፋሲካ ዋለ፣ ክፍሉ ተዘጋ። ያን ቀን አንድ ጋዜጠኛ ዝር አላለም። ነርሶቹ ማሽኖቹን ሲያስጭኑ የቆሙት በሽተኞቹና ኖሪን ብቻ ነበሩ።

አሁን ማለዳ መኪና ይመጣና ክሊፎርድን ወደ ትልቁ ከተማ ይወስደዋል። ኖሪን አብራው ትሄዳለች። ሲሄድ እንኳ ደህና ነው፤ ከእጥበት በኋላ ግን ሰውነቱ ይዝላል፣ ይበርደዋል፣ በየመታጠፊያው ያስመልሰዋል። አንድ ሐሙስ ሲመለሱ ፊቱ አመድ መስሎ ራሱን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ነበር። ሾፌሩ አዲስ ሰው ነው፤ ከተነሱ ጀምሮ በመስታወቱ ደጋግሞ ያያታል።

«ኖር» አለ ክሊፎርድ ቀስ ብሎ።

«አቤት። ውሃ ልስጥህ?»

«ሐሙስን እንተወው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማክሰኞና ቅዳሜ ይበቃኛል። ይሄ መንገድ አደከመኝ፣ ኖር። ቤቴ መሆን ነው የምፈልገው።»

ሐሙስን መተው ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የእጥበት ቀን የዘለለ ሰው ሳንባው ውስጥ ውሃ እንደሚሞላ፣ ልቡ እንደሚከዳው፣ ነርሷ አስቀምጣ ነግራቸዋለች። ኖሪን እጁን ያዘችው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ማዘር!» አለ ሾፌሩ ድንገት ፊቱ በርቶ። «የት ነው የማውቅዎት፣ የት ነው የማውቅዎት ስል! የመጥበሻዋ ሴትዮ አይደሉም እንዴ? ሚስቴ አታምነኝም። እባክዎ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይቆጡልኝና ልቅረጽዎት።»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች ኖሪን። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ጉንጯ ተርገበገበ። «ዝም በል አንተ! ባሌ እየሞተ ነው!»

ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ መታ። «እሷው! ራሷ!» እያለ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ አንድ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

«ይቅርታ ማዘር፣ አላበራሁትም ነበር» አላት። «አንዴ ይድገሙልኝ።»